ሲሚንቶ በአሲድ አይበላም ወይ? ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከመሬት በታች የሚከድነው የጉድጓድ ሲሚንቶ

የቤተሙከራ ቁልፍ (ርዕሱን የከፈተች)

ሰላም የጎንደር ልጆች፣ የጎንደር ያልሆናችሁም።

አዘዞ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ባለፈው ሳምንት ስለ አየር ንብረት ሳወራ አንድ የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጅ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከፋብሪካ ጭስ ለይተው መሬት ውስጥ ይቀብሩታል ብለውናል። ጉድጓዱን በምን ዘግተውት ነው ተመልሶ የማይወጣው?» አለኝ። እኔም ደረቴን ነፍቼ «በሲሚንቶ» አልኩ። ልጁ አልተቀመጠም። «ሲሚንቶ በአሲድ ይበላል ያሉን እርስዎ አይደሉም እንዴ?» ክፍሉ ሳቀ። ደወሉ ነው ያዳነኝ።

እውነቱን ነው። ጋዙ ውሃ ሲያገኝ ካርቦኒክ አሲድ ይሆናል። ሲሚንቶ ደግሞ ቤዝ ነው። ሁለቱ ተገናኝተው ዝም አይባባሉም። ጋዙ ግን ለመቶዎችና ለሺህ ዓመታት እዚያው እንዲቆይ ነው የሚፈለገው። የእኔ መታጠቢያ ቤት ሊሾ ሁለት ክረምት አልቻለም።

እዚህ መድረክ ላይ የቁፋሮና የግንባታ ሰዎች እንዳላችሁ አውቃለሁ። እንዴት ነው ነገሩ? ጥንካሬውንስ ማሻሻል ይቻላል? ደግሞ የእኛ ፒፒሲ የሚባለው ሲሚንቶ እሳተ ገሞራ አመድ ያለበት ስለሆነ ይሻል ይሆን? ለልጁ የሚነገር መልስ አምጡልኝ።

---

የአዘዞ ሾፌር

መጀመሪያ ሲሚንቶ በሚቀመስ ዋጋ ይገኝ። ከዚያ ስለ ሺህ ዓመት እናወራለን።

---

ኖራና ድንጋይ

እህቴ፣ የእኔ ሥራ ጥገና ነው። ያረጁ ቤቶችና አጥሮች ላይ በኖራ እሠራለሁ። ስለ ነዳጅ ጉድጓድ አላውቅም፤ አንድ ነገር ግን ልንገርሽ።

የፋሲል ግቢ ግንቦች የተያያዙት በኖራ ነው። ኖራ ደግሞ የሚጠነክረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር እየሳበ ነው። ቀስ እያለ ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል። ከ1600ዎቹ ጀምሮ ያንን ጋዝ እየበላ የቆመ ግድግዳ ፒያሳ መሐል አለልሽ። በጣሊያን ጊዜ በሲሚንቶና በኮንክሪት የተጠገነው ክፍል ነው በኋላ ችግር ሆኖ ወደ ኖራ የተመለሰው።

ስለዚህ ጋዙ ጠላት ነው ብለሽ አትደምድሚ። ለእኔ ደሞዝ ከፋዬ ነው።

---

ሲሚንተር ነበርኩ

መምህርት፣ ያንን ልጅ አደራ። ጥያቄው የዋዛ አይደለም። አያ ኖራም ሳያውቁት የነገሩን ግማሽ ተናግረዋል።

ቀበሌ 16 ነው ያደግኩት። ዐረብ አገር አሥራ አንድ ዓመት የነዳጅና የጋዝ ጉድጓድ ላይ ሲሚንቶ ሳስገባ ቆይቼ ተመልሻለሁ። ይረዝማል፣ ቡና አፍሉና አንብቡ።

ሥራውን በዓይናችሁ ሳሉት። ጉድጓዱ ይቆፈራል። የብረት ቱቦ ይገባል፤ ኬሲንግ እንለዋለን። ቱቦው ከጉድጓዱ ስለሚቀጥን ዙሪያውን ክፍተት ይቀራል። ሲሚንቶው እንደ ሾርባ ቀጥኖ በቱቦው ውስጥ ወደ ታች ይገፋል። ከታች ይዞርና በውጭ በኩል ሽቅብ ይወጣል። ክፍተቱን ሞልቶ እዚያው ይጠነክራል። ከአንድ ኪሎ ሜትር በታች ያለውን ሥራ ማን አይቶት? በመሣሪያ ድምፅ ልከን፣ ካርታውን አንብበን «ይዟል» እንላለን። አንዳንዴም ይዟል ብለን እንጸልያለን።

ጋዙ ከ800 ሜትር በላይ ጥልቀት ነው የሚቀመጠው። እዚያ ግፊቱና ሙቀቱ ጋዙን ያጠብቀዋል። ከ31 ዲግሪ ሙቀትና ከ74 ባር ግፊት ካለፈ እንደ ጋዝም እንደ ፈሳሽም ይሆናል፤ ትንሽ ቦታ ብዙ ይይዛል። ኖርዌይ ስላይፕነር የሚባል ቦታ ላይ ከ1996 ጀምሮ በዓመት ወደ 1 ሚሊዮን ቶን ከባሕር ወለል በታች ሲጨምሩ ኖረዋል። ሆኖም ከጨዋማው ውሃ ይቀላል። ስለዚህ ሁልጊዜ ሽቅብ መውጣት ይፈልጋል። ከላይ ያለው ጥብቅ አለት ይይዘዋል። አለቱን ማን በሳው? እኛው፣ በቁፋሮ። ያንን ቀዳዳ ነው ሲሚንቶው የሚጠብቀው።

አሁን ወደ ልጁ ጥያቄ። የምንጠቀመው ፖርትላንድ ሲሚንቶ ነው። ሲጠነክር በዋናነት ሁለት ነገር ይሠራል። አንዱ ዋናው ሙጫ ነው፣ ካልሲየም ሲሊኬት ሃይድሬት። ሌላው ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ነው፤ የአያ ኖራ ኖራ ማለት ነው። አሲዱ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያገኘው ይህንን ኖራ ነው። ያኔ ልክ እንደ ግንቡ ካልሲየም ካርቦኔት ይሆናል። ካርቦኔቱ ከኖራው ሰፋ ያለ ቦታ ስለሚይዝ ጥቃቅን ቀዳዳዎችን ይሞላል። ሲሚንቶው ይጠብቃል። እስከዚህ ድረስ ጋዙ ወዳጅ ነው።

ቀጥሎ ሙጫው ራሱ ይነካል። ካልሲየሙ ይወሰድና ልፍስፍስ ያለ ሲሊካ ይቀራል። አሲዳማው ውሃ እየታደሰ ከመጣ ደግሞ ያንኑ የጠነከረውን ካርቦኔት መልሶ ያሟሟዋል። ቢካርቦኔት ሆኖ ከውሃው ጋር ይሄዳል። ግንቡ ላይ ይህ አይደርስም፤ በግፊት የሞላ አሲዳማ ውሃ ሌት ተቀን አያጥበውማ። ጉድጓድ ውስጥ ግን ይደርሳል። «እየታደሰ ከመጣ» ያልኩትን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ፍጥነቱስ? ቤተ ሙከራዎች ሰማይና ምድር ነው የተለያዩት። አንዱ 50 ዲግሪ ላይ እስከ አንድ ዓመት አስቀምጦ፣ በ30 ዓመት የሚበላው 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው ብሎ አሰላ። ሌላው 90 ዲግሪና 280 ባር ላይ በሦስት ሳምንት ብቻ ብዙ ሚሊ ሜትር ሲቀየር አየ። ሁለቱም አልዋሹም። ሙቀቱ፣ ግፊቱ፣ ናሙናው የበሰለበት መንገድ ተለያየ።

እኔን ያሳመነኝ ከጉድጓድ የወጣው ነው። ምዕራብ ቴክሳስ ውስጥ ሳክሮክ የሚባል የነዳጅ መስክ አለ። ነዳጅ ለመግፋት ብለው ከ1972 ጀምሮ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይጨምሩበታል። በ1950 የተቆፈረ ጉድጓድ፣ ሲሚንቶው ለ30 ዓመት ከጋዙ ጋር የኖረ፣ ከጎኑ ተቦርቡሮ ናሙና ወጣለት። ተራ ፖርትላንድ ሲሚንቶ ነው። መሐሉ ደህና ነበር፤ ፈሳሽ የማሳለፍ አቅሙም ዝቅተኛ ነበር። የተቀየረው ዳርና ዳሩ ነው። ከአለቱ ጋር በሚገናኝበት በኩል እስከ 1 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ ብርቱካናማ ንብርብር፤ ከብረቱ በኩል ደግሞ የካርቦኔት ጅማት።

አያችሁ? ጋዙ የሄደው በሲሚንቶው ውስጥ አልነበረም። በመገጣጠሚያው ነው። ለልጁ ይህን ንገሪው።

---

ዝም ብሎ አንባቢ

ኧረ ባካችሁ፣ ይሄ ነገር ቢያመልጥ ምን ይሆናል? ካሜሩን ውስጥ አንድ ሐይቅ ሕዝብ ፈጀ ሲባል ሰምቼ ነበር። ጣና አጠገብ እንዳታመጡብን።

---

ሲሚንተር ነበርኩ

ኒዮስ ሐይቅ ነው፣ 1986። ወደ 1,700 ሰው ሞተ። ጋዙ ከእሳተ ገሞራ መጥቶ ከ200 ሜትር በላይ በሚጠልቅ ሐይቅ ግርጌ ተጠራቅሞ ነው በአንዴ የወጣው። ከአየር ስለሚከብድ በሸለቆው ተኛ። ጣና እኮ ጥልቁ ቦታው 14 ሜትር ገደማ ነው፤ እንደዚያ የሚደበቅበት ግርጌ የለውም። ጉድጓድ ሲያፈስ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በቀጭኑ፣ ለዓመታት ነው። እሱም ቢሆን ቀላል አይደለም። የመጠጥ ውሃ ካገኘ ያበላሻል፤ የተቀበረበት ዓላማም ከንቱ ይሆናል።

---

ክረምት ቆፋሪ

የመገጣጠሚያውን ነገር ሳነብ ሆዴ ተላወሰ።

የውሃ ጉድጓድ ነው የምቆፍረው፤ ከ60 እስከ 200 ሜትር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከከተማ ወጣ ብሎ አንድ ጉድጓድ ቆፈርን። ውሃው እንደ ክሪስታል። አሠሪያችን፣ ስሙን ተዉት፣ ቸኩሎ ነበር። ከላይ ያለውን የቱቦ ዙሪያ በግራውት (በቀጭን የሲሚንቶ ልቁጥ) ዝጉ ሲባል ሁለት ጆንያ ሲሚንቶ በባሬላ አቡክቶ ከላይ ደፋበት። ሲያዩት ያማረ፣ በማንኪያ የተለሰነ። በነጋታው ርክክብ።

ሐምሌ ላይ ውሃው ቡናማ ሆነ። ነሐሴ ላይ የሰፈሩ ልጆች ታመሙ። ስንከፍተው ሲሚንቶው ድንጋይ ነው፣ በመዶሻ አይሰበርም። ግን ግማሽ ሜትር ብቻ ወርዶ ቆሟል። ከሥሩ ባዶ። ያም የደረሰው ግማሽ ሜትር ቱቦውን አልያዘም፤ ቱቦው ላይ የቁፋሮ ጭቃ እንደተለጠፈ ነበራ። በብረቱና በሲሚንቶው መሐል ወረቀት ታስገባለህ። ጎርፉ በዚያች ወረቀት ነው የገባው።

እስካሁን የዚያ ሰፈር ሰዎች መንገድ ላይ ሲያዩኝ ሰላምታቸው ቀዝቃዛ ነው። አይፈረድባቸውም።

---

የቤተሙከራ ቁልፍ

ወይ ጉድ። እኔ የሲሚንቶ ዓይነት ልትነግሩኝ ነው ብዬ ጠብቄ ነበር። እሺ ጋሼ ሲሚንተር፣ ታዲያ ማሻሻል ሲባል ምኑ ነው የሚሻሻለው?

---

ሲሚንተር ነበርኩ

የቆፋሪው ታሪክ መልሱን ይዞታል። መጀመሪያ ጭቃው።

ቁፋሮ ላይ ጉድጓዱን በጭቃ ነው የምንሞላው። ሲሚንቶው ከመምጣቱ በፊት ያ ጭቃ ተጠርጎ መውጣት አለበት። ማጠቢያ ፈሳሽ እንሰዳለን፣ ቱቦውን እናሽከረክራለን፣ ከፍ ዝቅ እናደርጋለን። ቱቦው ወደ አንድ ጎን ካዘመመ በጠባቡ በኩል ጭቃው አይነቃነቅም። ሲሚንቶው በሰፊው በኩል ሾልኮ ያልፋል። እንጀራ ምጣዱ ሲያዘም አንዱ ጎን እንደሚሳሳው ነው። ስለዚህ ቱቦውን መሐል ላይ የሚይዝ ሴንትራላይዘር የሚባል ቀለበት በየመሐሉ እናስራለን። ርካሽ ብረት ነው። በጀት ሲጠብ መጀመሪያ የሚቀነሰው እሱ ነው። ከአንድ ጣሳ ናኖ ሲሊካ (ሲሚንቶ ለማጥበቅ የሚጨመር እጅግ የደቀቀ ዱቄት) ይልቅ ሃያ ሴንትራላይዘር ስጡኝ።

ሁለተኛው መኮማተር ነው። ሲሚንቶ ሲጠነክር ትንሽ ይሸበሸባል። ከፋብሪካ የሚመጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ብዙ ጊዜ ቀዝቃዛ ስለሆነ ብረቱም ሲቀዘቅዝ ይቀጥናል። ከሲሚንቶው ይላቀቃል። ቱቦውን በግፊት ስንፈትሽም ያብጣል፤ ግፊቱ ሲለቀቅ ይመለሳል፣ ሲሚንቶው ግን አብሮት አይመለስም። የሚቀረው ክፍተት የፀጉር ውፍረት አይሞላም። ለጋዝ ግን አውራ ጎዳና ነው። መድኃኒቱ ሲጠነክር በመጠኑ የሚያብጥ ሲሚንቶ ነው፤ ለዚህ የተቃጠለ ማግኒዥየም ኦክሳይድ ይጨመርበታል። ሌላው ደግሞ ተለጣጭ ማድረግ ነው፣ የጎማ ብናኝ ወይም ላቴክስ ጨምሮ። እጅግ ጠንካራ ሲሚንቶ ሁልጊዜ ጥሩ አይደለም። አይታጠፍም፣ ይሰነጠቃል።

አሁን «እየታደሰ ከመጣ» ወዳልኳት ልመለስ። ስንጥቋ ቀጭን ሆና ውሃው ቀስ ብሎ ካለፈ፣ ከሲሚንቶው የሟሟው ካልሲየም እዚያው ካርቦኔት ሆኖ ይጋገራል። ስንጥቋ ራሷን ትዘጋለች። ሰፊ ከሆነችና ውሃው ከፈጠነ ግን የሟሟውን ጠራርጎ ይዞት ይሄዳል፤ ስንጥቋም ትሰፋለች። አንድ ሲሚንቶ፣ አንድ አሲድ፣ ሁለት ዕጣ። የሚለያቸው ስፋትና ፍጥነት ነው። ስለዚህ ሥራችን ዞሮ ዞሮ ክፍተቷን ቀጭን ማድረግ ነው፤ የቀረውን ካርቦኔቱ ይጨርሰዋል።

ድብልቁን በተመለከተ ደግሞ ውሃ አታብዙ። ገንዘብ ለመቆጠብ ቤንቶናይት የሚባል ውሃ መጣጭ ሸክላ ጨምረው በውሃ የሚያቀጥኑት ሲሚንቶ ወንፊት ነው የሚሆነው። ከ110 ዲግሪ በላይ ከሆነ የተፈጨ ሲሊካ፣ ከሲሚንቶው 35 በመቶ ገደማ፣ የግድ ነው፤ ያለበለዚያ ይደክማል። ፖርትላንድ የሌለባቸውም አሉ። አሜሪካ ብሩክሄቨን ቤተ ሙከራ ለጂኦተርማል (ከመሬት ውስጥ እንፋሎት ለሚያወጣ) ጉድጓድ ብሎ የሠራው ካልሲየም አሉሚኔት ፎስፌት አሲዱን በጣም ይችላል፣ ግን ውድ ነው። እኛም አሉቶ ላንጋኖ ላይ ከእንፋሎቱ ጋር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚወጣ ነገሩ የፈረንጅ ወሬ ብቻ አይደለም። ሬዚን የሚሉት ሰው ሠራሽ ሙጫም አለ፣ ለጥገና ጥሩ ነው፣ እሱን እንለፈው።

ፒፒሲ? እሱን ሞክሪው። ሳልነግርሽ ብታዪው ይሻላል።

---

ስሜን ነፋስ

ጂኦሎጂ የተማርኩ ሰው ዝም ማለት አቃተኝ። ጎንደር የቆመችው ባዛልት ላይ ነው፤ ከቀዘቀዘ ቅልጥ ድንጋይ የሆነ ጥቁር አለት። የስሜን ተራሮች ከሥር እስከ ጫፍ እሱው ናቸው፣ የ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ። አይስላንድ ካርብፊክስ የሚባል ሥራ ላይ በ2012 ጋዙን ውሃ ውስጥ አሟሙተው ባዛልት ውስጥ ጨመሩት። ከሁለት ዓመት ባነሰ ጊዜ ከ95 በመቶ በላይ የሚሆነው ድንጋይ ሆኖ ቀረ። በውሃ የሟሟ ጋዝ ሽቅብ አይወጣም፣ እንዲያውም ይሰምጣል። ታዲያ ሲሚንቶው ምን አስጨነቃችሁ?

---

ክረምት ቆፋሪ

ለ1 ቶን ጋዝ ስንት ውሃ ይፈልጋል?

---

ስሜን ነፋስ

25 ቶን ገደማ።

---

ክረምት ቆፋሪ

ወንድሜ፣ ጎንደር ላይ ሰው ጀሪካን ተሸክሞ ቦቴ እየጠበቀ?

---

ስሜን ነፋስ

😂 ተረታሁ። እነሱ እንኳ ጉድጓዱን በሲሚንቶ ነው የሚከድኑት፤ የሚጨምሩት ውሃ ራሱ አሲድ ስለሆነ።

---

የቤተሙከራ ቁልፍ (ከአምስት ሳምንት በኋላ)

ተመለስኩ። ከልጆቹ ጋር ሞከርነው።

ኦፒሲ (አመድ የሌለበት ተራው ፖርትላንድ) እና ፒፒሲ፣ ሁለቱንም በተመሳሳይ የውሃ መጠን በክብሪት ቀፎ ቀረጽን። ሁለት ሳምንት ውሃ ውስጥ አቆየናቸው። ከዚያ አምቦ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈን ጠርሙሱን ጥብቅ አድርገን ዘጋን፤ በየቀኑ አዲስ አምቦ። (የሱቁ ልጅ ሆድ ሕመም አለባት ብሎ አዝኖልኝ ነበር።) በሦስተኛው ሳምንት ሰብረን ቤተ ሙከራ የቀረችውን ፌኖልፍታሊን ጠብ አደረግንበት። ቤዝነቱ ያልጠፋው ቦታ ሮዝ ይሆናል፤ ካርቦኔት የሆነው ቀለም አያወጣም።

ኦፒሲው መሐሉ ደማቅ ሮዝ፣ ዳሩ ላይ እንደ ጥፍር የቀጠነ ነጭ መስመር። ፒፒሲው ግን ነጩ ሰፊ ነው! ከእጥፍ በላይ። እኔ ፒፒሲ ያሸንፋል ብዬ ልጆቹን በለስላሳ አስወራርጄ ነበር። ከሰርኩ።

---

ሲሚንተር ነበርኩ

ጠብቄው ነበር፤ ይቅርታ ለለስላሳው።

ፒፒሲ ውስጥ ያለው የእሳተ ገሞራ አመድ ሲጠነክር ያንን ኖራ በልቶ ሙጫ ያደርገዋል። ጥሩ ነው፣ ጥብቅ ይሆናል። ነገር ግን አሲዱን መጀመሪያ የሚያስተናግደው ኖራው ነበር። ኖራው ሲያንስ አሲዱ ፈጥኖ ወደ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ነጩ ቢሰፋ አይግረምሽ። ዋናው ጥያቄ ነጩ ክፍል ምን ዓይነት ነው የሚለው ነው። በጥፍርሽ ሲፋቅ ይረግፋል ወይስ ጠንክሮ ቆሟል? ውሃ ያሳልፋል ወይስ አያሳልፍም? ጥልቀቱ ብቻውን አሸናፊ አያወጣም። ደግሞ ሁለት ሳምንት ለአመዱ ጥቂት ነው። ሥራው ዘገምተኛ ስለሆነ ሁለትና ሦስት ወር ስጪው።

አምቦም ማዕድን የሞላበት ውሃ ስለሆነ ከጉድጓድ አሲድ ጋር ሲተያይ ገር ነው። ግፊቱም የት ተገናኝቶ! ለክፍል ግን ከዚህ የተሻለ ሙከራ አላየሁም።

---

የቤተሙከራ ቁልፍ

ፋቅነው። የሁለቱም አይረግፍም።

ግን ያ ልጅ አሁንም አልተቀመጠም። ስብርባሪውን እያገላበጠ «ቲቸር፣ ብረቱስ የታለ?» አለኝ። እኛ የሞከርነው ሲሚንቶውን ለብቻው ነው። ጋሼ ደግሞ ከመጀመሪያው ጀምሮ መገጣጠሚያው ነው ሲሉን ነበር። ማፈሬ አልቀረም።

---

ክረምት ቆፋሪ

መምህርት፣ ጋራዥ ውስጥ የአንድ ኢንች ቱቦ ቁርጥራጭ አለኝ። ቅዳሜ ከሰዓት አለሁ። ሁለት አድርጊው፤ አንዱን በሳሙና አጥበሽ፣ አንዱን ጭቃ ቀብተሽ። ልጁን ይዘሽው ነይ።

---

የአዘዞ ሾፌር

ቅዳሜ በዚያ በኩል አልፋለሁ፣ አደርሳችኋለሁ። አምቦውን ግን አንቺ።